ከአባባ ጋር ወደ ቱስኪጊ

ከአትላንታ ወደ አላባማ የሚወስደውን 85 ቁጥር አውራ ጎዳና የያዝነው በማለዳ ነበር። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡት አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። «ቱስኪጊ የሚባል፣ ጥቁር ተማሪዎቹ ጡቡን ራሳቸው አቃጥለው የሠሩት ትምህርት ቤት አለ» ብላቸው «እንሂዳ!» አሉ።

መንገድ ላይ ስለ መሥራቹ አወራኋቸው። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በባርነት ተወልዶ በ1881 (እ.ኤ.አ.) ቱስኪጊን አቋቋመ። በ1895 አትላንታ ላይ፣ አብዛኛው ነጭ በሆነ ጉባኤ ፊት፣ «ባልዲያችሁን እዚያው ባላችሁበት አውርዱ» አለ፤ ሙያ እንማር፣ ሀብት እናፍራ፣ የመብቱ ጥያቄ ይቆይ ማለቱ ነበር። ጥቁሩ ምሁር ዱ ቦይስ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጻፈለት። በ1903 ግን በመጽሐፉ ፊት ለፊት ተቃወመው፦ መምረጥ የማይችል ሰው ያፈራውን ንብረት በምን ያስጠብቃል?

እኔ ከዱ ቦይስ ጋር ነኝ። በ1899 ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር የእርሻ ሠራተኛን ነጮች ተሰብስበው አቃጠሉት። ያኔ አትላንታ ያስተምር የነበረው ዱ ቦይስ፣ ስለ ጉዳዩ የጻፈውን ይዞ ወደ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ፣ የሟቹ የጣት አጥንት ሱቅ ውስጥ ለዕይታ መቀመጡን ሰምቶ ከመንገድ ተመለሰ። ይህን የሰማ ሰው እንዴት ታገሥ ይባላል? መንገድ ላይ ለአባባ ስነግራቸው ዋሽንግተንን «አጎብዳጅ» ያልኩትም ይህን እያሰብኩ ነው።

እንደደረስን አባባ የዋሽንግተንን መኖሪያ ቤት ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱት። ጡቡ ሦስት ጊዜ ምድጃ ላይ እንደከሸፈባቸው፣ ለአራተኛው ዋሽንግተን ሰዓቱን በ15 ዶላር እንዳስያዘ ነገርኳቸው።

«አጎብዳጅ ያልሽኝ ይሄንን ሰው ነው?»

መልስ አጣሁ። ጥቁሮችን ከምርጫ ያገለለውን የአላባማ ሕገ መንግሥት ለመቃወም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደረሰው ክስ በስውር ገንዘብ ያወጣውም እሱ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ለምን በስውር?»

«ትምህርት ቤቱን የሚረዱት ነጮች እንዳይሸሹ።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ግን አሁንም ይቆጨኛል። ገንዘቡን ሰጥቷል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ግን በአደባባይ ከአፉ ሊሰማው ይገባ ነበር።

ልንወጣ ስንል፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያዘዘው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን እዚሁ የመኪና ጥገና ተምሮ እንደነበር አነሳሁላቸው።

«የት ሞተ?»

«አዲስ አበባ፣ በ1954 በመጋቢት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «በእኛ 1946 መሆኑ ነው። እኔ የተወለድኩበት ዓመት» አሉ፤ እንደገናም ወደ ጡቡ ዞሩ።