የአናሊቲካል ኬሚስትሪን ላብ በጎጃም አፈር ማስተማር

የሁለተኛ ዓመት የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ላብ ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያ በወረደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጀምራል። የአሲዱ መጠን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ተማሪውም ከመልሱ ወደ ኋላ እያሰላ ሪፖርቱን ያሳምራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጠርሙስ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ ላይ የሚያስተምርና በአፈር ላይ ምርምር የሚሠራ መምህር ግን መልሱ የትም ያልተጻፈ ናሙና ከደጁ አለው። የባንጃና የፋግታ ለኮማ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ በአንድ ጥያቄ መያዝ ይቻላል፦ ይህ ማሳ በሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ ይፈልጋል? ቲትሬሽኑም (መጠኑ በታወቀ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ያልታወቀውን መለካት)፣ ስታንዳርዱም (መጠኑ በትክክል የታወቀው መነሻ መፍትሔ)፣ የስህተት ስሌቱም ለዚህ ጥያቄ ሲሉ ይመጣሉ።

ናሙናው ከአንድ ማሳ ውስጥ ከ15 ያህል ቦታዎች፣ በዚግዛግ እየተሄደ፣ ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ይወሰዳል። ጥልቀቱ በዘፈቀደ አይመረጥም፤ የመጨረሻው ስሌት 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚል ናሙናው ከዚያው ጋር መግጠም አለበት። ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ) በሚተከልባቸው ቀበሌዎች ከሰል የከሰለበትን ቦታ መዝለል ግድ ነው። አመዱ ፒኤቹን (ዝቅ ሲል አሲድ መብዛቱን የሚያሳየውን ቁጥር) ወደ ላይ ስለሚጎትት አንድ ጭልፋ ብቻ ሙሉውን ድብልቅ ያበላሻል። የእበት ክምርና የድሮ በረትም እንዲሁ። አፈሩ በጥላ ይደርቃል እንጂ ኦቨን አይገባም፤ ሙቀት የሚለዋወጠውን አሲድነት (በአፈሩ ቅንጣት ላይ ተይዞ በሌላ ጨው ተገፍቶ ሊወጣ የሚችለውን የሃይድሮጅንና የአልሙኒየም አሲድ) ይቀይረዋል። ከዚያ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ከቢቸና በኩል ትንሽ ጥቁር ዋልካ ቢጨመር ጥሩ ነው፤ የሚለዋወጥ አሲድነቱ እዚህ ግባ የማይባል ናሙና ብላንክ (የሚለካው ነገር ሳይኖር የሚሠራ ማነጻጸሪያ) ምን እንደሆነ ከማንኛውም ሌክቸር ይልቅ ያስተምራል።

ፒኤች በ1 ለ2.5 አፈርና ውሃ ይለካል። ሜትሩ በ4 እና በ7 በፈር (ፒኤቹ የታወቀ መፍትሔ) ይስተካከል፤ ለአሲዳማ አፈር 7ን እና 10ን መጠቀም ከመለኪያው ክልል ውጭ ቆሞ መለካት ነው። ኤሌክትሮዱ በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይቀመጣል። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ተረስቶ ክረምቱን የከረመ ኤሌክትሮድ ንባቡ ሲንሸራተት ቢውል አይገርምም።

ዋናው ሥራ የሚለዋወጠውን አሲድ ማውጣት ነው። 10 ግራም አፈር ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጎ 1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ (በሊትር 74.55 ግራም) አሥር ጊዜ፣ በየጊዜው 10 ሚሊ ሊትር፣ ቀዳሚው ወርዶ ሲያልቅ ማፍሰስ፤ የወረደውን በ100 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ሰብስቦ እስከ ምልክቱ መሙላት። መቶውን ሚሊ ሊትር አንዴ መድፋት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ግን በየመጠኑ የተጨመረ ትኩስ ፈሳሽ ነው አልሙኒየሙን ከአፈሩ ላይ ገፍቶ የሚያወርደው። አፈር የሌለበት ባዶ ወረቀትም በተመሳሳይ መንገድ ይታጠባል፤ ብላንኩ እሱ ነው።

ለቲትሬሽኑ 0.02 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ክኒኑን መዝኖ ማሟሟት አያስተማምንም፤ እየተመዘነ እንኳ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። የሚሻለው በክብደት 50 በመቶ የሆነ ወፍራም መፍትሔ አዘጋጅቶ ማቆየት ነው። ሶዲየም ካርቦኔት በዚያ ውስጥ ስለማይሟሟ ይዘቅጣል። ከላይ ከጠራው 1.05 ሚሊ ሊትር ያህል ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ወደ 1 ሊትር ሲቀጥን ወደ 0.02 ሞላር ይጠጋል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ የብርጭቆ ክዳን ይጣበቃል።

ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት (ኬኤችፒ) ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ለ10 ሚሊ ሊትር ቲትሬሽን የሚያስፈልገው 0.041 ግራም ገደማ ስለሆነ በቀጥታ ቢመዘን የሚዛኑ ስህተት ይገዝፋል። በ110 ዲግሪ የደረቀ 0.4084 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ይሟሟና 0.0200 ሞላር ይሆናል፤ ከእሱ 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት ይወሰዳል። ይህ በእያንዳንዱ የላብ ቀን ይደገማል፤ ባለፈው ሳምንት የተገኘው ቁጥር ለዛሬ አይሠራም።

ከወረደው 50 ሚሊ ሊትር ወስዶ አምስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ጨምሮ፣ ቢቻል በ10 ሚሊ ሊትር ቡሬት (ባለ መለኪያ ማንጠባጠቢያ ቱቦ)፣ ሐምራዊው ቀለም 30 ሰከንድ እስኪቆይ ቲትሬት ይደረጋል። ቀለሙ መጥቶ ይጠፋል። አንዱ ምክንያት የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሌላው አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ ብሎ መፈጠሩ ነው። የቸኮለ ተማሪ የመጀመሪያውን ብልጭታ መዝግቦ ይሄዳል። ናሙናው 5.4፣ ብላንኩ 0.4 ሚሊ ሊትር ቢወስድ ልዩነቱ 5.0 ነው። ብላንኩን የረሳ 8 በመቶ ጨምሮ ያወጣል።

ከዚያ በዚያው ፍላስክ ላይ 10 ሚሊ ሊትር 4 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ሲጨመር ቀለሙ ተመልሶ ይደምቃል። ፍሎራይዱ አልሙኒየሙን ይዞ ለአንድ አልሙኒየም ሦስት ሃይድሮክሳይድ ይለቃል፤ ያ በ0.02 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለካል። ቀለሙ ጠፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ብቅ ስለሚል መጠበቅ ያሻል። በኮምፕሌክስ ምዕራፍ ላይ ለሚሰጥ ሌክቸር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም፤ ተማሪው ሊጋንዱ (አልሙኒየሙን የሚይዘው ፍሎራይድ) ሥራ ሲሠራ በዓይኑ ያያል።

ስሌቱ፦ 5.0 ሚሊ ሊትር በ0.02 ሞላር 0.1 ሚሊ ሞል ነው፤ ከ100 ውስጥ 50 ስለተወሰደ 0.2፤ ለ10 ግራም አፈር ስለሆነ በኪሎ ግራም 2 ሴንቲ ሞል። አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። 1 ሄክታር፣ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የአፈሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1.2 ግራም ቢሆን 1,800,000 ኪሎ ግራም አፈር ነው። በውስጡ 36,000 ሞል አሲድ አለ፤ አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት (100 ግራም) ሁለት ሞል አሲድ ስለሚያረክስ ያን ለማርከስ 1,800 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል፤ 18 ኩንታል፣ ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ደግሞ አራት ተኩል። በተግባር ብዙ ጊዜ በ1.5 ይባዛል፤ ምክንያቱም ኖራው በኦርጋኒክ ቁስ ላይ የተያዘውንም አሲድ ያረክሳል። እፍጋቱን ከመጽሐፍ መገልበጥ አይገባም፤ በቀለበት ወስዶ በ105 ዲግሪ አድርቆ መመዘን ቀላል ነው። ሪፖርት ላይ «1,847.36 ኪ.ግ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን ሲግኒፊካንት ፊገርን (ልኬቱ የሚፈቅደውን ያህል አሃዝ ብቻ መጻፍን) እንደገና ይማር።

ኖራው ራሱ ንጹሕ ነው ወይ? የዓባይ በረሃ ገደል በደጀን በኩል የኖራ ድንጋይ ሞልቶታል። 1 ግራም ዱቄት በ50 ሚሊ ሊትር 0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አረፋው እንዳይገነፍል ቀስ ብሎ፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፣ የተረፈውን አሲድ በ0.25 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መለካት። 32 ሚሊ ሊትር ከወሰደ ኖራው 17 ሚሊ ሞል አሲድ በልቷል፤ 85 በመቶ ማለት ነው፤ ስለዚህ 18ቱ ኩንታል ወደ 21 ይጠጋል። በደንብ ካልፈላ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ አሲድ ይቆጠርና ኖራው ከሆነው በላይ ደካማ መስሎ ይወጣል።

ይህንኑ ኖራ በጋዝ መጠን መለካት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። 0.25 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት በ20 ዲግሪ ወደ 80 ሚሊ ሊትር ጋዝ ይሰጣል፤ በማኑዋሉ 101.3 ኪሎ ፓስካል ያሰላ ግን ንጽህናው 133 በመቶ ይሆንበታል። ስልክ ላይ ያለ የአየር ሁኔታ መረጃም ወጥመድ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለውን ግፊት ነው። የሚፈለገው ባሮሜትር እዚያው ክፍል ውስጥ ያነበበው ነው።

ግሬዱ መልሱ ላይ ባይመሠረት ይሻላል። አንድ ባልዲ በደንብ የተደባለቀ አፈር አስቀምጦ እያንዳንዱ ቡድን ከራሱ ናሙና ጎን እንዲለካው ማድረግ በቂ ነው፤ የየቡድኑ ቁጥር አንድ ላይ ሲነጠፍ ማን እንደሳተ፣ የትኛው ቡሬት እንደሚያንጠባጥብ ይታያል። ነጥቡ ለሦስት ድግግሞሽ መቀራረብ፣ ለብላንክና በእስክርብቶ ለተጻፈ ደብተር ይሁን።

ፍሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ከአሲድ ቆሻሻ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይፈጥራል። በፕላስቲክ ጀሪካን ለብቻው ተሰብስቦ በተነከረ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) ይዝቀጥ፤ ጀሪካኑ ላይም ይጻፍበት።