«ደም የማይበዛበት የግድያ ታሪክ አለ?»

ቤተ መጻሕፍት መጥቶ ይህን የሚጠይቅ ሰው እየቀለደ አይደለም። የሚፈልገው የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ኮዚ ሚስትሪ የሚሉትን ዘርፍ ነው። በእኛ ቋንቋ የወንጀል ልብ ወለድ ሲነሳ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «ልብ አንጠልጣይ» ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ኮዚ ልብ አያንጠለጥልም። ሰው ይሞታል፣ አስከሬን ይገኛል፣ ቢላዋው ሲገባ ግን አናይም። ነገሩን የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ፖሊስ ሳይሆን ጡረተኛ፣ ኬክ ጋጋሪ ወይም ቄስ ነው። ቦታው ሁሉም የሁሉንም ገመና የሚያውቅበት መንደር ነው። መጨረሻ ላይ ገዳዩ ይታወቃል፤ ሻይ ይፈላል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች «ከዚህ በፊት ምን ወደዱ?» ብለው እንዲጀምሩ ይማራሉ። ለሌላ ዘርፍ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለኮዚ ግን መቅደም ያለበት «ምን እንዳይገጥምዎት ይፈልጋሉ?» የሚለው ነው፤ ኮዚ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ነገር እየሸሸ ነውና። ሐዘን ላይ ሊሆን ይችላል፣ እንቅልፍ አጥቶ ወይም በሽተኛ እያስታመመ ሊሆን ይችላል። ሕይወቱን እንዲዘረዝርላችሁ አታድርጉት። አማራጮቹን ባንድ ትንፋሽ ጥሩለት፦ ደም፣ ሕፃን ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ የእንስሳ ሞት፣ የመኝታ ቤት ነገር፣ ስድብ። አንዱን ይጠቁማችኋል፤ የቀረውን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ሥራው ቀላል የማይሆነው «ለስላሳ» ተብለው የታወቁት መጻሕፍትም የየራሳቸው እሾህ ስላላቸው ነው። የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝን «ዘ ነምበር ዋን ሌዲስ ዲቴክቲቭ ኤጀንሲ» እንውሰድ (እ.ኤ.አ. 1998፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጋቦሮኔ፣ ቦትስዋና ውስጥ ቢሮ የከፈተችው ማ ራሞትስዌ የምትይዛቸው ጉዳዮች በአመዛኙ የጠፋ ባል፣ አታላይ ሠራተኛ፣ የሐሰት አባት ዓይነት ናቸው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ እንግሊዝኛው ንጹሕ ነው። ሰዎቹ «ማ» እና «ራ» ሳይሉ አይጠራሩም፤ አቶና ወይዘሮ ሳይል የማይጣራ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚህ የተነሳ እንግሊዝኛቸውን እያጠናከሩ ላሉ አንባቢዎቻችን ከሁሉ በፊት የምናነሳው ይህን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ባለታሪኳ የሚደበድባት ባል ነበራት፣ ሕፃኗም ሞቶባታል፤ ለጥንቆላ መድኃኒት ተገድሏል ተብሎ የሚፈራለት የጠፋ ልጅም አለ። ልጅ ለቀበረች እናት «ቀላል ነው፣ ያዝናናዎታል» ብላችሁ ብትሰጡ ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም። ሳትደብቁ ንገሩና ምርጫውን ለእሷ ተዉት።

የሪቻርድ ኦስማን «ዘ ተርስዴይ መርደር ክለብ» (2020) ላይም እንዲሁ ነው። ኬንት ውስጥ ባለ የጡረተኞች መንደር አራት አረጋውያን ያልተፈቱ የግድያ መዝገቦችን ያገላብጣሉ። ያስቃል፤ ደሙም ጥቂት ነው። ከቀልዱ ሥር ግን የመርሳት በሽታ አለ። አራተኛው «ዘ ላስት ዴቭል ቱ ዳይ» (2023) ላይ ይህ ጉዳይ በጣም ይከብዳል። ወላጁን በዚህ በሽታ እያስታመመ ያለ ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ፈጽሞ አይፈልገውም። አትገምቱ።

እንስሳን በተመለከተ ጥያቄው «ድመቷ ትሞታለች ወይ?» ነው፤ ሲጠይቋችሁ አትሳቁ። የሊሊያን ጃክሰን ብራውን «ዘ ካት ሁ» ተከታታይ (ከ1966 ጀምሮ) ሁለት ሲያም ድመቶች አሉት፤ ሰው ነው የሚሞተው። ምግብ ለሚወዱ ጆአን ፍሉክ አለች፤ «ቾኮሌት ቺፕ ኩኪ መርደር» (2000) ከምርመራው መሐል የኩኪ አሠራር እስከነመጠኑ ይሰጣል።

ቅደም ተከተል ሁልጊዜ አያስጨንቅም። የአጋታ ክሪስቲን መርማሪ አሮጊት ሚስ ማርፕልን ከፈለጉት ቦታ መጀመር ይቻላል። ሉዊዝ ፔኒ ግን ሌላ ናት። ኩቤክ ውስጥ ባለችው ስሪ ፓይንስ መንደር የሚሽከረከረው ተከታታይ በ«ስቲል ላይፍ» (2005) ይጀምራል፣ የሰዎቹ ሕይወትም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይሻገራል። በተለይ አምስተኛውና ስድስተኛው («ዘ ብሩታል ቴሊንግ» እና «ቤሪ ዩር ዴድ») የተጣበቁ ናቸው፦ አምስተኛው የዘጋውን ጉዳይ ስድስተኛው መልሶ ይከፍተዋል። መደርደሪያ ላይ ስድስተኛው ብቻ ካለ አትስጡት፤ አምስተኛውን አስይዙ። በቆይታውም ጨለማው እየበዛ ይሄዳል፤ መርማሪው ፖሊስ መሆኑን ጨምረን ኮዚ የሚለው ስም ለዚህች ጸሐፊ ይጠብባታል ባይ ነን።

የአጋታ ክሪስቲ ችግር ርዕስ ነው። አንዱ መጽሐፍ እንግሊዝ አገር አንድ ስም፣ አሜሪካ ሌላ ስም ይዞ ስለወጣ ሰው ያነበበውን እንደ አዲስ ይወስዳል። «ፎር ፊፍቲ ፍሮም ፓዲንግተን» (1957) አሜሪካ ውስጥ «ዋት ሚስስ ማክጊሊከዲ ሶው» ነበር። የኦሪየንት ኤክስፕረሱ ታሪክም አሜሪካ ውስጥ «መርደር ኢን ዘ ካሌ ኮች» ተብሎ ወጥቷል። ካታሎጉ ውስጥ አማራጭ ርዕስ የሚለውን መስመር ሳታዩ አታውሱ። የማርፕል ልብ ወለዶች 12 ብቻ ናቸው፤ «ሁሉንም ጨርሻለሁ፣ ሌላ ስጡኝ» ለሚል ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ወደ ቴሌቪዥን ስንመጣ ትልቁ ስህተት «ድራማውን ከወደዱ መጽሐፉን ይወዱታል» ማለት ነው። የቢቢሲው ፋዘር ብራውን (ከ2013 ጀምሮ) በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ገጠር የሚካሄድ፣ ከሰዓት በኋላ የሚታይ ገራገር ድራማ ነው። ድራማው የተነሳባቸው የጸሐፊው የቼስተርተን አጫጭር ታሪኮች (የመጀመሪያው ስብስብ 1911) ግን ጠመዝማዛ ዐረፍተ ነገርና ፍልስፍና የሞላባቸው ናቸው። ቄሱ አንድ ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ግን ይለያል። ሚድሶመር መርደርስ (ከ1997 ጀምሮ) መንደሩ አበባ በአበባ ቢሆንም በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ሰው፣ ያውም በሚገርም አሟሟት፣ መሞቱ የተለመደ ነው። ደም አልፈልግም ላለ ሰው እሱን ከመስጠት ይልቅ መርደር ሺ ሮት ይሻላል፦ ከ1984 እስከ 1996 የቆየ፣ 12 ሲዝን፣ 264 ክፍል፤ አንጄላ ላንስበሪ የምትጫወታት ጡረተኛ መምህርት ሁሉንም በንግግር ትፈታዋለች። አንድ ሰው ይህን ከጀመረ ክረምቱን በሙሉ አትጨነቁለት።

ማርፕልን ለማየት የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን የሚያከብር ከሆነ ጆአን ሂክሰን የተጫወተችበትን የቢቢሲ ሥራ (1984–1992) ስጡት፤ 12ቱንም ልብ ወለዶች ይዟል። የአይቲቪው (2004–2013፣ መጀመሪያ ጄራልዲን ማክዩዋን፣ በኋላ ጁሊያ ማኬንዚ) በቀለም ያምራል፤ ነገር ግን ማርፕል በሌለችበት ታሪክ ውስጥ ያስገባታል፣ አልፎ አልፎም ገዳዩን ይቀይራል። መጽሐፉን በልቡ የያዘ አንባቢ ይናደዳል። የማ ራሞትስዌ ድራማ (2008–2009) ሰባት ክፍል ብቻ ነው፤ ቦትስዋና ውስጥ የተቀረጸ ነው። አለቀ ብሎ ሰው ሲያዝን ወደ መጽሐፉ ለመመለስ ምቹ ሰዓት ነው።

ዲቪዲ የምታውሱ ከሆነ ማቀፊያው ጀርባ ያለውን የቀጠና ቁጥር አንብቡ፤ ዲስኩ የሚከፈተው የዚያ ቀጠና ማጫወቻ ላይ ነው። አሜሪካ 1፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ከለንደን የመጣ ዲስክ አሜሪካ በተገዛ ማጫወቻ ላይ አይከፈትም፤ ሰውየው ግን ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ለዲጂታል መጽሐፍ፣ ከቤተ መጻሕፍት በስልክ መዋሻ መተግበሪያ በሆነው ሊቢ ላይ ወረፋ አለ። ሌላው መተግበሪያ ሁፕላ ላይ በአመዛኙ ወረፋ የለም፣ በወር የሚወሰደው ግን የተወሰነ ነው። አዲስ የወጣ የኦስማን መጽሐፍ ወረፋው ሲረዝም ሰውየውን በባዶ እጁ አትሸኙ፤ የሚጠብቅበት አንድ የቆየ መጽሐፍ ስጡት።

አዲስ ስም ለማግኘት አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ቤተስዳ በየዓመቱ የሚካሄደው የማሊስ ዶሜስቲክ የኮዚ አንባቢዎችና ጸሐፊዎች ጉባኤ የሚሰጠው የአጋታ ሽልማት ጥሩ ምንጭ ነው። ከ1989 ጀምሮ አለ፤ ወሲብና ጭካኔ የሚበዛባቸውን ሥራዎች አያስገባም። ለመጀመሪያ ልብ ወለድ የሚሰጠውን ዘርፍ ተመልከቱ፤ ገና አንድ መጽሐፍ ላይ ያለ ተከታታይ ከ20ኛው ላይ ከመጀመር ይቀላል።

በመጨረሻ፣ መጽሐፉ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አስገቡ፦ የተከታታዩ ስም፣ ይህ ስንተኛው እንደሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ርዕስ። የጸሐፊውን ስም የሚረሳ ሰው ወረቀቱን ግን ይዞ ይመጣል።