ከፋይ ላይ ሊሊ ማብቀል

የምሰፋው የከፋይ ቀሚስ ደረት ላይ ያለው የመጀመሪያው የሊሊ አበባ አለቀ! ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። መነሻ ያደረግኩት የፓሪሱ የፋሽን ቤት ዎርዝ ለፈረንሳዊቷ ባላባት ለካውንቴስ ግሬፉል የሰፋውን ጥቁር የከፋይ የምሽት ቀሚስ ነው። ዛሬ ፓሪስ፣ ፓሌ ጋልየራ ሙዚየም ይገኛል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1896 አካባቢ ነው፣ በእኛ የዓድዋ ሰሞን መሆኑ ነው። ወገቡ ላይ የሚያቋርጥ ስፌት የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ወጥ ቅድ ሆኖ ትልልቅ ሊሊዎች በቁመቱ ተዘርግተውበታል። የእኔ ጨርቅ የጥጥ ከፋይ ነው። የሐር ከፋይ ዋጋው አይቀመስም።

ልኬቱን፣ በአቡጀዲ መሞከሩን፣ መቁረጡን አልተርክላችሁም። ብቻ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት የከፋዩን ጠጉር ዳብሱት። ወደ ላይ ሲተኛ ጥቁሩ ይጠልቃል፣ ወደ ታች ሲተኛ ያብለጨልጭና ይነጣል። አንዷ ቁራጭ ከተገለበጠች መብራት ስር ታሳጣችኋለች።

ያስለቀሰኝ ጥልፉ ነው። ከፋይ እርሳስም ጠመኔም በደንብ አይዝም። በክብ መወጠሪያ ሲወጠር ጠጉሩ ይጨፈለቅና ክቡ ታትሞ ይቀራል። ቀጭን ክር ደግሞ ሣር ውስጥ እንደ ወደቀ መርፌ ስምጥ ይላል። የሙሽራ ካባ ላይ የወርቁ ክር የሚታየው ወፍራም ስለሆነና ከጠጉሩ በላይ ስለሚተኛ ነው፤ በሐር ክር ያንን አትጠብቁ።

መልሱ እዚያው ዋናው ቀሚስ ላይ ነበር። ሊሊዎቹ ከነጣ ሐር ተቆርጠው ከፋዩ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ዶቃና ፈርጥ ያስጌጣቸዋል። እኔም ለአበባው የሚሆነውን ሳቲን፣ ማለትም ፊቱ የሚያብረቀርቀውን ለስላሳ ጨርቅ፣ ከስስ የጥጥ ጨርቅ ጋር ደርቤ ወጠርኩ፣ የአበባውን ጅማትና ዶቃውን እዚያው ጨረስኩ፣ ከጀርባው ስስ የስታርች ሙጫ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ቆረጥኩ። ሙጫው ጠርዙ እንዳይተረተር ይይዘዋል። ቀጥሎ ከፋዩ ላይ አስቀምጬ ጥቃቅን ስፌት በዙሪያው፤ በመጨረሻ ጠርዙን በተገመደ ክር ሸፈንኩት። ስፒል ከአበባው ስር በሚሸፈነው ቦታ ብቻ ይሰካ፣ ሌላ ቦታ ምልክት ይተዋል። ካውያ ደግሞ ከፊት በኩል በፍጹም! ሌላ የከፋይ ቁራጭ ጠጉሩን ወደ ላይ አንጥፋችሁ ቀሚሱን በፊቱ ድፉበት፣ ከጀርባ በእንፋሎት ብቻ።

አበባውን በሙቅ ሙጫ ለጥፉት የሚሉትን አልሰማም። ይደርቃል፣ ጨርቁም እንጨት ይሆናል። የውስጡን ረጅም ስፌት ግን በማሽን ነው የሰፋሁት፣ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን የነበሩ ልብስ ሰፊዎችም ማሽን ነበራቸው፣ ስለዚህ አላፍርም። ወገብ የሚያጣብቀውን የውስጥ ልብስ፣ ኮርሴቱንም ትቼዋለሁ፤ ታሪካዊነት ለሚያስጨንቃችሁ ይቅርታ፣ መተንፈስ እወዳለሁ።

ቀጣዩ ሲዘረጋ የሌሊት ወፍ ክንፍ የሚመስለው ሰፊ አንገትጌ ነው። ከፋዩን ሳያወፍር የሚያቆመው ገበር የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ኦርጋንዛ የሚባለውን ስስና ደረቅ ያለ ጨርቅ እያሰብኩ ነው፣ ግን ብቻውን የሚችለው አልመሰለኝም።