እማዬና ሬዲዮኗ

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከፈተ። እማዬ ትዝ አለችኝ፤ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሽንኩርት ስታቁላላ ሬዲዮው ካልተከፈተ ወጡ አይጣፍጥላትም ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ... አራቱንም ቅኝቶች ማንም ሳያስተምራት በጆሮዋ ትለያለች። እኛንም "ይሄስ የትኛው ነው?" እያለች ትፈትነን ነበር። ላወቀ ሥጋ ይጨመርለታል።

በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ጥላሁን ሲያርፍ እህል አልቀመሰችም። የሥጋ ዘመዷ የሞተ ያህል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች።

እሁድ እሁድ ደግሞ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ ሳሎኑን ሲሞላው ደስታዋ ሌላ ነው! ከቡና በኋላ ሁላችንንም እስክስታ ታስወርደናለች። እምቢ ማለት የለም።

ማታ ለእህቴ ደወልኩላት። የፊታችን እሁድ ሁላችንም እዚያው ቤት እንሰባሰባለን። እማዬ፣ በጣም ናፍቀሽኛል።