ከዌስሊ ጸሎት ቤት ጓሮ እስከ ባንሂል

የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነውን ሰባኪ ጆን ዌስሊን ብሎ ለንደን ሲቲ ሮድ የሚሄድ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1778 የተከፈተው ጸሎት ቤት ፊት ያለውን ሐውልት ፎቶ አንስቶ መመለስ ይቀናዋል። መቃብሩ ግን ከሕንፃው ጀርባ፣ የቢሮ ፎቆች ቁልቁል በሚያዩት ትንሽ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግሮ ባንሂል ፊልድስ ወደሚባለው አሮጌ የመቃብር ቦታ መግባት ነው፤ እናቱ ሱዛና በ1742 የተቀበረችው እዚያ ነውና።

ባንሂል በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያልተባረከ መሬት ነው። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት፣ እነደራሲ ጆን ቡንያንና ዳንኤል ዴፎ፣ እዚያ ያረፉትም ለዚሁ ነው። ጆን የመቃብር መሬት ካልተባረከ የሚለውን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር፤ በ1791 የተቀበረውም ባልተባረከው በራሱ ግቢ ነው። ሬሳውን ለሚሸከሙ 6 ድሆች 6 ፓውንድ ተናዞ፣ ሠረገላ እንዳይኖር አዟል። ወንድሙ ቻርልስ ግን አሻፈረኝ ብሎ በ1788 በደብሩ፣ በሜሪልቦን፣ ተቀበረ። የእኛ አገር ሰው ቻርልስን ለመረዳት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም።

ባንሂል በ1854 ለቀብር ተዘጋ። በዚያች ጠባብ መሬት ወደ 123,000 ሰው እንደተቀበረ ይገመታል፤ ሬሳ በሬሳ ላይ ተደራርቧል ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተጎድቶ፣ በ1960ዎቹ ከፊሉ ሣር ሜዳ ሆነ፤ የቀሩት መቃብሮች በብረት አጥር ተከለሉ። ስለዚህ ሣሩ ሥር መቃብር የለም ማለት አይቻልም።

ጽሑፉ የደበዘዘ የመቃብር ድንጋይ በቀትር ፀሐይ አይነበብም። ብርሃን ከጎን፣ ድንጋዩን ታክኮ ሲመታው ግን የፊደሉ ጠርዝ ጥላ ይጥላል፤ ባትሪ ወይም መስታወት ይበቃል። ጠመኔና ዱቄት መቀባት፣ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ የቀረችውን ፊደል ይዞ ይሄዳል። በኖራ ድንጋይ ላይ የሚታየው ጥቁር ቅርፊት ደግሞ ሁሉም ቆሻሻ አይደለም፤ የከሰል ጭስ ዝናብ በማያጥበው በኩል ድንጋዩን ወደ ጀሶ ለውጦት ነው፤ ሲላጥ ጽሑፉም አብሮ ይላጣል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ስንጥቁን በሲሚንቶ የሚደፍኑት ናቸው። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያስወጣም፤ ውሃው በድንጋዩ በኩል ሲወጣ ጨው ትቶ ይፈረፍረዋል፣ በብርድ ወራት ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ ይሰነጥቀዋል። የሚሻለው የኖራ ቡኬት ነው፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሲያልቅም እሱ ያልቃል እንጂ ድንጋዩ አይጎዳም።