ሲ (C) በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላይ ሁለት ቫሪያብሎችን ሳቀያይር ያየሁት

ሀ እና ለ ሁለት ቫሪያብሎች (ቫልዩ የሚይዙ፣ ስም ያላቸው ቦታዎች) ናቸው፤ ሀ ውስጥ 5፣ ለ ውስጥ 9 አለ እንበል። ቫልዩአቸውን ለማቀያየር ሦስት መስመር ይበቃል።

ጊዜያዊ = ሀ;
ሀ = ለ;
ለ = ጊዜያዊ;

ሦስተኛው ቫሪያብል የገባው 5ን ለማዳን ነው። ሀ ላይ 9 ከተጻፈበት በኋላ 5ን ከየትም አናመጣውም።

ነገሩ የሚጥመው ይሄን ወደ ፈንክሽን (በስሙ ወደሚጠራ የኮድ ክፍል) ስንወስደው ነው። መጀመሪያ ሆን ብዬ ያለ ፖይንተር (የሌላ ቫሪያብልን አድራሻ የሚይዝ ቫሪያብል) ጻፍኩት። አቀያይር(ሀ, ለ) ብዬ ጠራሁት። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚቀይረው ፕሮግራም) ምንም አላለም። ራን ሳደርገው ግን ሀ ያው 5፣ ለም ያው 9 ነው። ምክንያቱን በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ በፕሪንትኤፍ (ስክሪን ላይ በሚጽፈው ፈንክሽን) የሀን የሜሞሪ አድራሻ ሁለት ቦታ ላይ አወጣሁት፤ አንዴ ሜይን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ፈንክሽን) ውስጥ፣ አንዴ ፈንክሽኑ ውስጥ። አድራሻዎቹ ይለያያሉ! ሲ ለፈንክሽን የሚሰጠው የቫልዩውን ኮፒ ነው። ፈንክሽኑ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ያቀያየረው ግን የራሱን ኮፒዎች ነው።

ስለዚህ አድራሻውን ራሱን ላክሁለት፤ አቀያይር(&ሀ, &ለ)። ፈንክሽኑ ውስጥ ደግሞ *ሀ እና *ለ እያልኩ አድራሻው ላይ ያለውን ቫልዩ ነካሁ። አሁን 9 እና 5 ወጣ። ስካንኤፍ (ከኪቦርድ የሚቀበለው ፈንክሽን) ቁጥር ሲቀበል & የሚፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለጀማሪ ፖይንተርን የማስተምር ብሆን ከዚህ ሌላ ምሳሌ አልፈልግም።

ያለ ሦስተኛ ቫሪያብል በመደመርና በመቀነስ የሚያቀያይሩም አሉ። አልወደውም። ባለ 32 ቢት ኢንት (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፤ ድምሩ ከዚያ ካለፈ ምን እንደሚመጣ የሲ ስታንዳርድ ዋስትና አይሰጥም። ኤክስኦር (ሁለት ቁጥሮችን ቢት በቢት አወዳድሮ በሚለያዩበት ቦታ 1 የሚሰጥ ስሌት) ይሄ ችግር የለበትም፤ የራሱ ጣጣ ግን አለው። ፈንክሽኑን በኤክስኦር ጻፍኩትና አቀያይር(&ሀ, &ሀ) ብዬ ሞከርኩት፤ 5 የነበረው 0 ሆነ። አንድ ቁጥር ከራሱ ጋር ኤክስኦር ሲደረግ 0 ነውና የመጀመሪያው መስመር ላይ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ኤሬይ (የቫልዩዎች ረድፍ) በቅደም ተከተል ስናስተካክል ሁለቱ ኢንዴክሶች (የቦታ ቁጥሮች) እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ስላለ ይሄ የሩቅ ስጋት አይደለም። በዚያ ላይ ያለ ሦስተኛ ቫሪያብል ማቀያየር ሜሞሪ ይቆጥባል የሚባለውም ብዙ አያስኬድም። ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የሚያፈጥነው የኮምፓይለሩ ምርጫ) ሲበራ ኮምፓይለሩ ጊዜያዊውን አብዛኛውን ጊዜ ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ ይይዘዋል።

እኔ በጊዜያዊ ቫሪያብል እቀጥላለሁ። ማቀያየሪያ ፈንክሽን በጻፍኩ ቁጥርም አንድ ቫሪያብልን ከራሱ ጋር አቀያይሬ ሳልሞክረው አላልፍም።