ጋቢና ውስጥ ሁለት ሌሊት

ተወልጄ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እኛ ሰፈር ማታ መስኮት የሚዘጋው ብርድ እንዳይገባ ነው። ቢምቢ የማውቀው ቆላ ስወርድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥቅምት ላይ የአክስቴ ልጅ «መቂ ሽንኩርት ልጭን ነው፣ አብረን እንሂድ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት አቃቂ ጋቢና ውስጥ ነው የምናድረው» ሲለኝ ያሰብኩት ስለ ብርድ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክሜ ወጣሁ።

ወንድም ጋሼ ነው የምለው። በ8 ዓመት ይበልጠኛል። አይሱዙ መንዳት ከጀመረ 11 ዓመቱ ነው።

ባዶ ኬሻ የሚያስረክበን ሰው «ነገ በጠዋት» ስላለን አቃቂ ማደር ግድ ሆነ። መኪናውን ያቆምነው ከወንዙ ብዙም የማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ጥበቃው ለአዳር 300 ብር አለን። ወንድም ጋሼ ሁልጊዜ የሚከፍለው 100 ነው። ብንለምነው፣ ብንከራከረው ከ250 ንቅንቅ አላለም። የቆጨኝ ብሩ ብቻ አይደለም። በዚያ ብር ያገኘነው ቦታ ከኋላችን ውሃ የታቆረበት ነው። ውሃው ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል።

የአቃቂ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚመጣው። የላይኛውን ሰፈር ቆሻሻ ተሸክሞ ይወርድና አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ሐይቅ ማለት ነው። የሽሮ ሜዳ ጎርፍም ጉዞው ወደዚያው ነው። እኛ ላይ ሆነን ጥለነው የምንረሳው ነገር እዚህ ታች የሰው እንቅልፍ ይነሳል። ይህ ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መስታወቱን ጥርቅም አድርገን ዘጋን። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ መኝታ ላይ ተጋደምን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢናው ታፈነ። መስታወቱ በትንፋሻችን አላበው። አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ተውን። ወዲያው ጆሮዬ ሥር ዝዝዝ አለ። ብርድ ልብሱን ስከናነብ ላብ አጠመቀኝ። ስገልጠው ግንባሬን ነከሰችኝ። ቢምቢ ከሩቅ የምታገኘን በትንፋሻችን ነው፤ የምናስወጣውን የተቃጠለ አየር ተከትላ ትመጣለች። ሁለት ሰው የሚተነፍስበት ጠባብ ጋቢና ለእሷ የድግስ ቤት ነው።

መልሰን ዘጋን። ግን መግባታቸውን አላቆሙም። በስልኬ መብራት ቀዳዳ መፈለግ ጀመርኩ። የማርሹ ዘንግ ሥር ያለው ጎማ ተቀዷል። ጠርዙ ላይ አንዲት ቢምቢ ቆማለች። ዓይኔ እያየ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ተራመደችና ተነሥታ በረረች። በፍሪሲዮኑ ፔዳል በኩልም ከታች መሬቱ ይታያል። ለካ ስንዘጋው የነበረው የራሳችንን አየር ነው።

አጠገባችን የቆመ መኪና ረዳት የሚጨስ የቢምቢ ማባረሪያ ጥቅልል ሊሰጠን መጣ። ደግ ልጅ ነው። ወንድም ጋሼ ግን አመስግኖ መለሰው። በዝግ ጋቢና ያን ጭስ ሲስቡ ማደር ለሳንባ መጥፎ ነው። ሞተር አስነሥቶ መተኛትንም አጥብቆ ይፈራል። «የሞተሩ ጭስ ከገባ ሽታ እንኳን ላይኖረው ይችላል። እንቅልፍ ላይ እንዳለህ ይወስድሃል» አለኝ። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩት።

ሲነጋ የፊት መስታወቱ ላይ አምስት ስድስት ቢምቢዎች ተለጥፈዋል። ሆዳቸው በደማችን ቀልቷል። ወንድም ጋሼ ጠጋ ብሎ አያቸውና «እነዚህ የወባዎቹ አይደሉም» አለ። የወባዋ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው። እነዚህ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ተኝተዋል። እሱ ወባ ሁለት ጊዜ ስለያዘችው አይስታትም። ወባ በብዛት የምትታወቀው ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ነው፤ አቃቂ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። መቂ ግን አገሯ ነው።

ሻይ የጠጣነው በሩ ላይ የምትሸጥ አንዲት እናት ጋ ነው። ገና ስታየኝ «ውይ ልጄ፣ ፊትህን ምን አደረጉት!» አለች። አጠገቧ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ዶሮ እንዳይጭረው አሮጌ አጎበር ለብሷል። ልጇ ሾፌር እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ አጎበሩን ገፈፈች፣ መቀስ አምጥታ ከደህናው በኩል ሁለት ትልልቅ ቁራጭ ቆረጠችልኝ። በርበሬውን በነጠላዋ ሸፈነችው። ብር ስዘረጋላት ተቆጣች። «ያልተኛ ሾፌር መንገድ ላይ የስንቱን ልጅ ይጨርሳል፤ ይሄ በብር አይሸጥም» አለችኝ።

መቂ ፀሐይ፣ አቧራና ሽንኩርት ነው። ሲጫን ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። አጎበሮቹን አጥቤ፣ እንደ ትራስ ጨርቅ አሰፋኋቸው፤ አፋቸው ላይ የቀሚስ ላስቲክ አስገባበት። 150 ብር አስከፈለኝ። ቢበዛም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ማታ በፍጥነት መንገዱ ተመልሰን፣ በቱሉ ዲምቱ ወጥተን እዚያው ግቢ ደረስን። ሌላ ጥበቃ ነበር። ያለምንም ንግግር 100 ብር ተቀበለን።

በሩን ከፍተን አጎበሩን ከላይ እንደ ካልሲ አጠለቅንለት፤ መስታወቱ ያለበትን ክፍል በሙሉ ሸፈነው። ጨርቁን ወጠር አድርገን በሩን ስንዘጋው ተነክሶ ቀረ። ሌላውንም እንዲሁ። መስታወቱን እስከ ግማሽ ዝቅ አደረግነው። የማርሹን ሥር በአሮጌ ካልሲ፣ የፔዳሉን ቀዳዳ በኬሻ ጠቀጠቅን። ከክሩስኮቱ አየር የሚመጣበትንም ዘጋን። ከዚያ መብራት አብርተን፣ ቀድመው የገቡትን አንድ በአንድ አድነን ገደልን። ይህን መዝለል አይቻልም፤ አንዲት ከቀረች አዳሩ የእሷ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ገባ። የሽሮ ሜዳ ዓይነት አየር ነው። ቢምቢዎቹን ከአጎበሩ ወዲያ ሰማኋቸው። እጄን ወደ ጨርቁ ሳስጠጋ ሦስቱ መጥተው ከወዲያ በኩል ተለጠፉ። ራቅ አድርጌ ተኛሁ። ወንድም ጋሼ ሲያንኮራፋ ሰምቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ንጋት ሳይቀድመን ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ መድረስ ነበረብን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ስንነሳ ያቺ እናት ከሰሏን እያራገበች ነበር። አምስት ኪሎ የሚሆን ሽንኩርት በፌስታል ሰጠኋት። ተቀብላ መሬት አስቀመጠችውና በቀጥታ ወደ መኪናው ሄደች። አጎበሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ስፌቱን በስልኬ መብራት አየችው።

«እዚህ ጋ ላልቷል» አለች። «ሳትሄድ ና፣ መርፌ አለኝ።»